«ሄዳለች» አሉ
ስለ አንድ ጋዜጠኛ፣ ስለ ሁለት ድመቶቹና ስለ ትንሽ ከተማ ወሬ

ባለቤቴ ማታ ከጸሎት ስብሰባ ሲመለስ ሶፋ ላይ እግሬን አጥፌ መጽሐፍ ሳነብ አገኘኝ። ሽፋኑ ላይ የድመት ሥዕል አለ። «ምንድን ነው የምታነቢው?» አለኝ። «የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና፣ «የፓስተር ሚስት ነፍሰ ገዳይ ስትፈልግ የባሏ ሻይ ቀዘቀዘ በሉኛ!» ብሎ ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ሻዩን ላሞቅ ተነሣሁ። ስመለስ መጽሐፉ በእሱ እጅ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ተራ በተራ እያነበብን እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥን።

መጽሐፉን የገዛሁት ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም ቋንቋው ቀለል ያለ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በተማርኩባቸው ዓመታት ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው በመካከላችን ብዙም አይከበርም ነበር። «ለመንፈሳዊ መጽሐፍ እንኳ ጊዜ አልበቃን» እንባባል ነበር። ዛሬ ግን ስለዚህ መጽሐፍ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ልብ ወለድን ላስተዋውቅ ብዬ ብቻ አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ ያለች አንዲት የቤት ሠራተኛ ከልቤ አልወጣ ስላለችኝ ነው። እሷም እውነተኛ የሆነች ሌላ ልጅ አስታወሰችኝ።

ከሐዘን የተጀመረ ድርሰት

የመጽሐፉ ደራሲ ሊሊያን ጃክሰን ብራውን ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1913 የተወለዱ አሜሪካዊት ሲሆኑ ራሳቸውም ጋዜጠኛ ነበሩ። በዴትሮይት ከተማ በሚታተመው «ዴትሮይት ፍሪ ፕሬስ» ጋዜጣ ለ30 ዓመታት ያህል ሠርተዋል። የሚጽፉትም ስለ ግድያና ስለ ፍርድ ቤት ሳይሆን ስለ ቤት አያያዝና ስለ አኗኗር ነበር።

ወደ ምርመራ ታሪክ ያስገባቸው ሐዘን ነው። በጣም የሚወዱት የሲያም ዝርያ ድመታቸው ከፎቅ መስኮት ወድቆ ሞተ። ሰው ገፍቶ ጥሎት ነው የሚል ጥርጣሬም ነበር። ሐዘኑ አልለቅ ስላላቸው አጭር ልብ ወለድ ጻፉበት። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዳቸው ወጣ፤ ርዕሱ በአማርኛ «ወደ ኋላ ማንበብ የሚችለው ድመት» እንደማለት ነው። በ1967 እና በ1968 ሁለት ተጨማሪ መጻሕፍት ታተሙ። ከዚያ በኋላ ግን በሩ ተዘጋ። የጊዜው የመጽሐፍ ገበያ ደም የሚረጭበትንና ዝሙት የሚተረክበትን ታሪክ ይፈልግ ነበርና የእሳቸው ጨዋ ታሪክ ፈላጊ አጣ። ለ18 ዓመታት አንድም ልብ ወለድ አላሳተሙም።

ባለትዳሮች፣ ይህችን ልብ በሉልኝ። ደራሲዋ ጡረታ ከወጡ በኋላ «ይህ ነገር መቅረት የለበትም» ብለው ያበረታቷቸው ባለቤታቸው አርል ቤቲንገር ናቸው። አራተኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1986 ወጣ፤ ያን ጊዜ ደራሲዋ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። እስከ 2007 ድረስ በጠቅላላው 29 ልብ ወለዶች ታተሙላቸው፤ ከእነዚህ 26ቱ የታተሙት ከሰባ ዓመታቸው ወዲህ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። መጽሐፎቻቸው ሁሉ «እንዲህ ያደረገው ድመት» በሚል ዓይነት ርዕስ የሚወጡ በመሆናቸው፣ መታሰቢያነታቸውንም በዚያው አጠራር እየቀለዱ ለባላቸው ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በ97 ዓመታቸው ዐረፉ። በትዳር ጓደኛችን መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶበት የቀረ ስንት ስጦታ ይኖር ይሆን?

ሁሉም የሚተዋወቅበት ከተማ

ታሪኮቹ በአብዛኛው የሚፈጸሙት «ሙስ ካውንቲ» በሚባል የአሜሪካ ሰሜናዊ አካባቢ ነው። ካርታ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ደራሲዋ የፈጠሩት ነው። ዋናዋ ከተማ ፒካክስ 3,000 ያህል ነዋሪ ብቻ አላት። በዙሪያዋ ከቀድሞ ዘመን የተረፉ የማዕድን ጉድጓዶች አሉ። ቡና የሚጠጣበት ቤት አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን ወሬ አለ። ጠዋት በአንደኛው ጫፍ የተነገረ ነገር ምሳ ሳይደርስ በሌላኛው ጫፍ ይሰማል። በክፍለ ሀገር ከተማ ያደገ ወይም ያገለገለ አንባቢ ይህን ለመረዳት አሜሪካን ማየት አያስፈልገውም።

ወደዚህ ከተማ የሚመጣው ጋዜጠኛ ጂም ክዊለራን ነው። ረጅምና ትልቅ ሪዝ ያለው፣ ሃምሳ ዓመት አካባቢ የሆነ ሰው ነው። በወጣትነቱ የወንጀል ዜና ዘጋቢ ሆኖ ስም ያተረፈ ቢሆንም ትዳሩ ፈረሰ፤ የመጠጥ ሱስም ጣለው። በመጀመሪያው መጽሐፍ የምናገኘው መጠጡን ትቶ እንደ አዲስ ለመቆም ሲታገል ነው። የልጅነት ጓደኛው አርክ ራይከር በሚሠራበት ጋዜጣ ሥራ ያገኛል፤ የሚመደበው ግን ምንም በማያውቀው በሥነ ጥበብ ዓምድ ላይ ነው! ከዚያ በኋላ ባሉት መጻሕፍት ሁሉ ሰው ሲጋብዝ እንኳ እሱ አልኮል አይቀምስም። ደራሲዋ ይህን ሳይሰብኩ፣ በየማዕዱ ላይ እንዲሁ ያሳዩናል።

አብረውት የሚኖሩት ሁለት የሲያም ድመቶች ናቸው፤ ወንዱ ኮኮ፣ ሴቷ ያም ያም። ኮኮ ከመደርደሪያ መጽሐፍ ገፍቶ ይጥላል፤ የወደቀው መጽሐፍ ርዕስ ደግሞ ፍንጭ ሆኖ ይገኛል። ይህን እያነበብን ባለቤቴና እኔ ብዙ ሳቅን።

ክዊለራን ከትልቁ ከተማ ወጥቶ ሙስ ካውንቲን የሚያየው እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመው በአምስተኛው መጽሐፍ ነው። ሥራ ሰልችቶት በአንዲት የቤተሰብ ወዳጅ ጎጆ ለማረፍ ይሄዳል። ሌሊት በጣራው ላይ ኮቴ ይሰማል፤ የአካባቢው ሰው ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ዓሣ ለማጥመድ የጣለው መንጠቆም ሌላ ነገር ይይዛል። በመጨረሻም የማያስበው ትልቅ ውርስ ይደርሰዋል። ኑዛዜው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ በዚያው በሙስ ካውንቲ አምስት ዓመት መኖር አለበት። እሱም ይኖራል። በኋላ ሀብቱን ለአካባቢው ሕዝብ ጥቅም እንዲውል ለፋውንዴሽን ይሰጥና እሱ ራሱ በትንሹ ጋዜጣ ላይ ዓምድ እየጻፈ ይቀጥላል። ጋዜጣው ስም ሳይወጣለት በፊት «የሙስ ካውንቲ አንድ ነገር» ተብሎ ይጠራ ነበር፤ በዚያው ቀረ።

ማንም ያልጠየቃት ልጅ

እኔን የያዘችኝ ልጅ ያለችው በሚቀጥለው መጽሐፍ ነው፤ እሱም በዚያው በ1987 የታተመ ነው። ክዊለራን በወረሰው ግዙፍ ቤት ውስጥ መኖር ይጀምራል። በግቢው ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ ትኖርበት የነበረ ክፍል አለ። ግድግዳው በደማቅ ቀለም በተሣሉ አበቦች ተሞልቷል። ልጅቷ ዴዚ ትባላለች፤ ዴዚ የአበባ ስም ነው። ድሃ ናት፤ ዘመድ የሚባልም ያን ያህል የላት። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን ጠፋች።

«የት ሄደች?» ብሎ ይጠይቃል ጋዜጠኛው። ሰዎቹ «ከተማውን ለቃ ሄዳለች» ይላሉ። በቃ። ያች ቃል ለከተማው ሁሉ በቂ ነበረች። ማን ሲሸኛት አየ? ዕቃዋን ለምን ተወች? ለማን ጻፈች? ማንም አልጠየቀም። ሀብታም ሰው ቢጠፋ ኖሮ ከተማው ተገልብጦ ይፈለግ ነበር። የዴዚን መጥፋት ግን አንዲት ቃል ዘጋችው፤ «ሄዳለች» አሉ።

ጋዜጠኛው ምን እንዳገኘ አልነግራችሁም፤ ማንበብ የምትፈልጉትን ደስታ መንጠቅ ይሆንብኛል። ነገር ግን አንድ ነገር ልበል። ክዊለራን ፖሊስ አይደለም። መታወቂያ የለውም፣ ሽጉጥ አይዝም፣ ማንንም ማሰር አይችልም። ሥራው ሦስት ነገር ነው፦ ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። ሰዎች ለእሱ መናገር የሚወዱት የሚያዳምጥ ሰው ስለሆነ ነው። ወሬ ሲሰማ «እንዲህ ተባለ» ብሎ አያልፍም፤ ማን አየ፣ መቼ፣ የት ብሎ ይከታተላል። የደረሰበትንም ወሬ አድርጎ አይበትነውም፤ በኋለኞቹ መጻሕፍት ለፖሊስ አዛዡ ለብሮዲ በጆሮው ይነግረዋል እንጂ ቡና ቤት አያወራውም። እኛ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

የምርመራ ታሪክ የዓለማዊ ሰዎች ፈጠራ ብቻ ሆኖ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያው ግድያ በተፈጸመ ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ቃየንን ወንድሙ አቤል የት እንዳለ ጠየቀው (ዘፍ. 4፥9)። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ለምን ጠየቀ? በጠፋው ወንድም ላይ ዝም ማለት ስለማይቻል ነው። ቃየን የመለሰው መልስ ሲፈታ «እኔ ምን አገባኝ» ነው። «ሄዳለች» የሚለው ቃልም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ንጉሥ ሰሎሞንን ተመልከቱ። ሁለት ሴቶች አንድ ሕፃን ይዘው በፊቱ ቆሙ፤ ሁለቱም ጋለሞቶች ነበሩና በዚያ ዘመን ለነገራቸው ዋጋ የሚሰጥ ብዙ ሰው አልነበረም። ምስክርም አልነበረም። ንጉሡ ግን በጥበብ መርምሮ እውነተኛዋን እናት አወጣ (1ነገ. 3፥16-28)። ወንጌላዊው ሉቃስም ወንጌሉን ሲጀምር የዓይን ምስክሮች ያስተላለፉትን ሁሉ ከመጀመሪያው በጥንቃቄ እንደ ተከታተለ ይናገራል (ሉቃ. 1፥1-4)። ይህ የጥሩ ጋዜጠኛ ሥራ አይደለምን?

ዶሮቲ ሴየርስ የምትባል የእንግሊዝ ደራሲ ነበረች። የቄስ ልጅ ናት፤ ስለ ጌታ ኢየሱስ ሕይወት የሬዲዮ ድራማ የጻፈች፣ በምርመራ ልብ ወለዶቿም የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1928 ጥንታዊና ዘመናዊ የምርመራ ታሪኮችን በአንድ መድብል ስታሰባስብ መጀመሪያ ላይ ካስቀመጠቻቸው አንዱ የሶስና ታሪክ ነው። ታሪኩ እኛ በምንጠቀምበት 66 መጻሕፍት ውስጥ ባይቆጠርም ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች አንዲትን ንጽሕት ሴት በሐሰት ከሰሷት፤ ጉባኤውም አመናቸው። ወጣቱ ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ ለየብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፤ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አያችኋት?» የተለያየ ዛፍ ጠሩ። አንዲት ሕይወት በአንድ ጥያቄ ተረፈች። ማንም ባይጠይቅ ኖሮ ግን ጉባኤው በሙሉ «አሜን» ብሎ ሊወግራት ተነሥቶ ነበር።

የእኔ ዴዚ

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን መጻፍ ቀላል ሆኖልኝ አይደለም። ከዓመታት በፊት ባለቤቴ በሌላ ከተማ ሲያገለግል ሳለ እኛ እህቶች ለታመመች አንዲት እናት ገንዘብ አሰባስበን ነበር። ፖስታው ጠፋ። የዚያን ዕለት ክፍሉን ያጸዳችው በአንድ ምእመን ቤት በሠራተኛነት የምትኖር ወጣት እህት ነበረች። ማንም «ሰረቀች» አላለም፤ እኛ አማኞች ነን! «እንጸልይላት» ነው ያልነው። አንዷ ለሌላዋ «ለጸሎት ያህል ነው የምነግርሽ» አለች። እኔም የመጋቢው ሚስት ሆኜ ሳለሁ ለሁለት ሰዎች እንዲሁ «ለጸሎት» ነገርኩ።

ልጅቷ ከኅብረት ቀረች። የምትሠራበትንም ቤት ለቀቀች። «ወደ አረብ አገር ሄዳለች» አሉ። እኔም «ጌታ ይከተላት» ብዬ አለፍኩ። ከሁለት ወር በኋላ ፖስታው ከደረሰኞች ጋር በመሳቢያ ውስጥ ተገኘ፤ ሳንቲም አልጎደለም። ሁላችን «ተመስገን» አልን። በእሷ ምክንያት ንስሐ የገባ ግን አልነበረም። እሷማ ሄዳለች፤ ማንን ይቅርታ እንጠይቃለን?

ስለ ዴዚ ያነበብኩት ይህ ከሆነ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ «ምነው?» ሲለኝ፣ «መሄዷን ማን አየ?» አልኩት። ስለ ልብ ወለዷ ልጅ የምጠይቅ መስሎት ነበር። ታሪኩን ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «እንሂድ» አለኝ።

ወደዚያ ከተማ በሄድንበት ጊዜ ጋዜጠኛው ያደረገውን አደረግሁ። የቀድሞ አሠሪዋን ጠየቅሁ፤ አላወቀችም። የሰፈሩን ባለሱቅ ጠየቅሁ፤ እሱም አላወቀም። አትክልት የምትሸጠዋ ሴት ግን ወዲያው፣ «እንጀራ የምትጋግረዋን ነው? እዚያ ከወንዙ ማዶ ናት» አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አረብ አገር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም።

ጭስ በሞላበት ቤት ውስጥ አገኘኋት። አቅፌ አለቀስኩ፤ ፖስታው መገኘቱንም ነገርኳት። እሷም ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ሰምቻለሁ እትዬ። የጠበቅሁት የገንዘቡን መገኘት አይደለም፤ ሰው ይመጣል ብዬ ነበር» አለችኝ። ሌላ ወቀሳ አልተናገረችም። ይህቺ ቃል ግን እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። ወደ እኛ ኅብረት አልተመለሰችም፤ በሰፈሯ ሌላ ኅብረት አግኝታለች። ይቅር ብላኛለች። ቢሆንም ያ ሁሉ ጊዜ እንዴት እንዳለፈላት ስጠይቃት መልሷ «አለፈ» ብቻ ነበር።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ልክ ነው። ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ በጨለማ የሚቀመጠው ማን ነው? ጠያቂ ቢኖራት ኖሮ ለእሷ ቶሎ በነጋላት ነበር። ጌታ መንጋውን ትቶ ስለ አንዷ በግ ስለ ሄደው እረኛ ሲናገር (ሉቃ. 15፥4) እረኛው «ሄዳለች» አላለም፤ ሄደ እንጂ።

በትዳር ውስጥ ያለው ፍንጭ

ጥርጣሬና ጥያቄ አንድ አይደሉም። ተጠራጣሪ ሰው መልሱን አስቀድሞ በልቡ ይዟል፤ የሚፈልገው ማስረጃ ብቻ ነው። ጠያቂ ሰው ግን መልሱ ከገመተው የተለየ ሊሆን እንደሚችል ያምናል። በጥሩ የምርመራ ልብ ወለድ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ወንጀለኛ የሚመስለው ሰው ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም ሳይሰሙ መመለስ ስንፍና እንደ ሆነ፣ ፊተኛው ተናጋሪም ሌላው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ጻድቅ እንደሚመስል ያስተምረናል (ምሳ. 18፥13፣ 17)።

አንድ ጊዜ ባለቤቴን የማላውቀው ስልክ ቁጥር በተከታታይ ለሦስት ቀን ደወለለት፤ እሱም ወደ ውጭ እየወጣ ያነጋግር ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀናት በልቤ ውስጥ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ጻፍኩ! በአራተኛው ቀን ጠየቅሁት። ደዋዩ የአከራያችን ልጅ ነበር። የቤት ኪራዩ ሊጨመር ነው፤ እኔ እንዳልጨነቅ ብሎ ደብቆኝ ኖሯል። ሁለታችንም አጥፍተናል። እኔ ሳልጠይቅ ፈረድኩ፤ እሱ ደግሞ ፍንጩን ደበቀ።

እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ ለምርመራ ልብ ወለድ አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር። ከእነዚያ አንዱ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ወዲያው ለአንባቢው ማሳየት አለበት፤ መደበቅ አይፈቀድለትም የሚል ነው። ለባልና ሚስትም ይህ መልካም ሕግ ነው። ገንዘብ ሲጎድል፣ ስልክ ሲደወል፣ ፊት ሲጠቁር፣ ያየነውን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥ። «እንዲህ አየሁ፤ አንተ ንገረኝ» ማለት ከክስ ይለያል። በኅብረት መካከልም ጌታ ያዘዘው መንገድ አስቀድሞ ወደ ወንድም ብቻውን መሄድ ነው (ማቴ. 18፥15)። «ለጸሎት ያህል» ወደ ሦስተኛ ሰው መሄድ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ አልተጻፈም።

ለሚያነቡት ጥቂት ማሳሰቢያ

መጽሐፎቹ ለክርስቲያን ቤተሰብ ተብለው የተጻፉ አይደሉም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ክዊለራን ከቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ከፖሊ ደንከን ጋር ለረጅም ዓመታት ሳይጋቡ በወዳጅነት ይኖራሉ፤ ይህን ለልጆቻችን አርአያ አናደርገውም። ኮኮ ከተፈጥሮ በላይ ዕውቀት እንዳለው ተደርጎ የሚቀርብበት ቦታም አለ። እኛ በሳቅ አለፍነው፤ ወጣቶች ካነበቡት ግን አብሮ መነጋገር ይጠቅማል። የሰው ሞት መዝናኛ መሆን ይገባዋልን? የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ግድያን የሚያስወድድ መጽሐፍ አለ፤ «ወንድምህ ወዴት ነው?» ብሎ የሚያስጠይቅ መጽሐፍም አለ። በእነዚህ ታሪኮች ደም መርጨት የለም፤ ጸያፍ ነገርም አይተረክም። ባልና ሚስት ማታ ቴሌቪዥን አጥፍተው አብረው ሊያነቡት የሚችሉት ነው። ሻዩን ብቻ አስቀድማችሁ ጠጡ!

ውድ አንባቢያን፣ ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉ ልለምናችሁ። በኅብረታችሁ ከዚህ ቀደም የነበረና አሁን የማይታይ ሰው አስቡ። ዘማሪ ሊሆን ይችላል፣ የጽዳት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፣ ትዳሯ የተናጋባት እህት ልትሆን ትችላለች። ስለ እሱ ወይም ስለ እሷ የምታውቁት «ሄዷል»፣ «ሄዳለች» የሚለውን ብቻ ከሆነ ያንን ቃል ማን እንደ ነገራችሁ አስታውሱ። እሱስ በዓይኑ አይቷል? ካላየ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ከባለቤታችሁ ጋር ተነሡና ጠይቁ። ባለሱቁን ጠይቁ፣ አትክልት ሻጯን ጠይቁ። ምናልባት ከወንዙ ማዶ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ፣ ሰው ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ይኖር ይሆናል።